ሃይድሮጂኑ ለማሳ፣ ባትሪው ለመንገድ



ባለፈው ዒድ ከግቢ ወጥተን ወደየቤታችን የሄድን ሁሉ ያን ጠዋት አንረሳውም። ሱብሒ ሰግደን፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርበን መነኻሪያ ደረስን። መኪና የለም። ሚኒባሶቹ ነዳጅ ማደያ ተሰልፈዋል፤ ከሰልፉ የወጡት ደግሞ ታሪፉን ትተው የፈለጉትን ዋጋ ይጠራሉ። ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ከሚሴና ወደ ኮምቦልቻ የምንሄደው የተንቀሳቀስነው ረፋዱ ላይ ነው፤ ያውም እጥፍ ከፍለን። ስንከራከረው ረዳቱ የመለሰልን ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፦ «እኛም ናፍጣውን ተሰልፈን አድረን ነው ያገኘነው፤ ለዚች ዒድ ብለን የምናተርፍ መሰላችሁ?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ግን ሰልፉ ሳይሆን ከዒድ በኋላ የመጣ አንድ ጥያቄ ነው። የአንድ ወንድማችን አባት ሸዋ ሮቢት ላይ ያረጀ ሚኒባስ አላቸው። እሱን ሸጠው፣ ካጠራቀሙት ጨምረው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ለመግዛት ሲያስቡ አንድ ዘመድ «የባትሪ መኪና ጊዜው እያለፈበት ነው፤ ዓለም ወደ ሃይድሮጂን እየሄደ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁ» አላቸው። ያንኑ የሚል የቲክቶክ ቪዲዮም አሳያቸው። እሳቸው ለልጃቸው ደወሉ፦ «እናንተ ኢንጂነሪንግ የምትማሩት ምን ትላላችሁ ልጄ? ልጠብቅ ወይስ ልግዛ?» ወንድማችንም «ጓደኞቼን ጠይቄ እነግርዎታለሁ አባዬ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከዒሻ በኋላ ዶርም ውስጥ የጀመርነው ክርክር እኩለ ሌሊት ድረስ ሄደ። የሜካኒካል ልጆች አብዛኞቹ ከሃይድሮጂን ጎን ቆሙ፤ ሞተር የሚባል ነገር ከዓለም እንዲጠፋ ስለማይፈልጉ ይሆናል። የኤሌክትሪካሎቹን ወገን መናገር አያስፈልግም። በኋላ ግን ስሜቱን ትተን ወረቀትና ካልኩሌተር ስናወጣ ብዙዎቻችን አንድ ቦታ ላይ ተገናኘን። እዚህ የምናቀርበው እዚያ የደረስንበትን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «የሃይድሮጂን መኪና» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደበላለቃሉ። አንደኛው ሃይድሮጂኑን እንደ ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ የሚያቃጥል ሞተር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 በጃፓን ፉጂ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ያሰለፋት ኮሮላ እንዲህ ያለች ነበረች። ሁለተኛው ፊውል ሴል የሚባለው ነው፤ ሃይድሮጂኑን ከአየር ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ውኃ ነው፣ ጎማውን የሚያዞረውም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከ2014 ጀምሮ ለገበያ የቀረበችው ቶዮታ ሚራይ የዚህ ዓይነት ናት። እንግዲህ ፊውል ሴል ያላት መኪና ራሷ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ልዩነቱ ኤሌክትሪኩን በባትሪ ይዛ ከመሄድ ይልቅ በጋዝ መልክ ተሸክማ መንገድ ላይ መልሳ የምታመነጨው መሆኑ ነው።

ጋዙ ከየት ይመጣል? ሃይድሮጂን እንደ ድፍድፍ ነዳጅ ተቆፍሮ አይቀዳም ለማለት ይቻላል። ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበት አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው፤ ያ ደግሞ ጭሱን ከመኪናው ወደ ፋብሪካው ከማዛወር አያልፍም። ንጹሕ የሚባለው በኤሌክትሪክ ኃይል ከውኃ የሚለየው ነው። እኛ አገር ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው ኤሌክትሪክ ከውኃ ኃይል ስለሚገኝ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴው ግድብም ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፣ ንጹሕ ሃይድሮጂን ማምረት እንችላለን የሚለው ሐሳብ ቅዠት አይደለም። የሜካኒካል ወንድሞቻችን ዋና መከራከሪያም ይኸው ነበር፤ ግድቡ ካለ ሃይድሮጂን አለ።

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ከመካከላችን የአልዩ አምባና የአካባቢዋ ልጆች አሉ። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። የአርጎባ፣ የአፋርና የሐረር ነጋዴዎች ይገናኙባት ነበር፤ ከታጁራ ጠረፍ የተነሣ የግመል ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ሳምንታት ተጉዞ ነው ወደዚህ ዳገት ግርጌ የሚደርሰው። ከዚያ በላይ ግመሉ አይወጣም፤ ጭነቱ ወርዶ በሌላ ከብትና በሰው ትከሻ ወደ አንኮበር ይወጣል። የሲራራ ነጋዴ የተጫነውን ቆጥሮ አይደሰትም። የሚቆጥረው የደረሰውን ነው። ጭነቱ በተራገፈና እንደገና በተጫነ ቁጥር ይጎድላል፣ ለቀረጥ ይከፈላል፣ ለስንቅ ይወጣል። እቃው ሦስት ጊዜ ከተራገፈ ትርፉን መንገዱ በላው ማለት ነው።

ሃይድሮጂንም እንዲሁ በየደረጃው የሚራገፍ ጭነት ነው። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ውኃውን ሰንጥቆ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ቀላል ስለሆነና ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በመኪናው ጋን ውስጥ ለማስገባት እስከ 700 ባር መታመቅ አለበት፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ እንደገና ኤሌክትሪክ ይሆናል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውኃ ለመለየት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ማመቂያውን ስንጨምርበት 60 ነው እንበል። በዚያ አንድ ኪሎ እንደ ሚራይ ያለች መኪና ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ተመሳሳይ መጠን ያላት የባትሪ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 260። የባትሪዋ መኪና ለዚህ 52 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች፤ የሃይድሮጂኗ 156። ለአንድ መንገደኛ፣ ለአንድ ጉዞ፣ ሦስት እጥፍ መብራት ማለት ነው። ሃይድሮጂኑን በፊውል ሴል ሳይሆን በሞተር ብናቃጥለው ደግሞ ብክነቱ ከዚህም ይከፋል። መብራት ገና ያልገባበት ቀበሌ በሞላበት ዞን ውስጥ ተቀምጠን አንድን መኪና በሦስት መኪና መብራት እንንዳ ማለት ለእኛ አልተዋጠልንም።

የአገራችንን ከፍታም አስቡት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አዲስ ተማሪዎች የጂሙን ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩት በዚህ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሃይድሮጂን የሚያቃጥል ሞተርም ከዚህ አያመልጥም፤ እንዲያውም ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲገባ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ የአየሩን ድርሻ ይሻማል። ፊውል ሴልም አየር ይፈልጋል፤ በሳሳ አየር ውስጥ መጭመቂያው የበለጠ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍሱም። ጣርማ በር ላይም፣ ጂቡቲ ወደብ ላይም ጉልበታቸው ያው ነው።

ጣርማ በርን ካነሣን ቁልቁለቱን ማለፍ አይቻልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከዋሻው አፍ ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መንገዱ 1,800 ሜትር ያህል ይወርዳል። ያን መንገድ የምታውቁ ፍሬኑ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ታውቃላችሁ። ከነተሳፋሪው ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዛሬ ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የባትሪ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከግማሽ በላዩን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ 8 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ ቢመለስ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ፊውል ሴል ያላት መኪናም ትንሽ ባትሪ አላት፤ ግን እንዲህ ባለ ረጅም ቁልቁለት ገና ከመንገዱ አጋማሽ ሳትደርስ ትሞላለች። (ለሹፌሮች አንድ ምክር፦ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ባይሞላ ይሻላል። የሞላ ባትሪ ቁልቁለቱ የሚመልሰውን የሚያስገባበት ቦታ የለውም።)

እርግጥ ነው፣ የወረደ መውጣት አለበት። የወንድማችን አባት ሚኒባስ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ በእኛ ስሌት፣ ከ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ግማሹን ያህል ጣርማ በር እስኪደርስ ይጨርሳል። በቀሪው ደብረ ብርሃን ይገባል፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን ደብረ ብርሃን ላይ መሙላት አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ተመልሶ ቻርጅ ማድረጊያ አለ ወይ ወደሚለው ይመጣል።

ሃይድሮጂንስ ቢሆን እንዴት ሸዋ ሮቢት ይደርሳል? የነዳጅ ቦቴ ከ40,000 ሊትር በላይ ይጭናል፤ በአንድ መኪና 50 ሊትር ብንል 800 መኪና ይሞላል። ሃይድሮጂንን በብረት ሲሊንደር አምቆ የሚጭን ያንኑ የሚያህል ከባድ መኪና የሚይዘው ከ300 እስከ 400 ኪሎ ያህል ነው፤ በአንድ መኪና አምስት ኪሎ ብንል ከስድሳ እስከ ሰማንያ መኪና። የቀረው ክብደት ብረት ነው። የአንድ ቦቴ ሥራ ለመሥራት አሥር ከባድ መኪና በጣርማ በር ዳገት ይመላለስ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ግን በምሶሶና በሽቦ ይመጣል፤ ሽቦው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ደርሷል።

የሌላው ዓለም ልምድም ዘመዱ ካሳየው ቪዲዮ ጋር አይገጥምም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሼል ለአነስተኛ መኪኖች የሚሆኑትን የሃይድሮጂን ማደያዎቹን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ዘግቷል። ስቴላንቲስ የሃይድሮጂን መኪና ፕሮግራሙን በ2025 አቋርጧል። እንደኛው በውኃ ኃይል የምትኖረው ኖርዌይ ደግሞ በ2024 ከተሸጡላት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ባትሪ ነበሩ፤ ብርዷም ከደብረ ብርሃን ውርጭ ይብሳል። ስለዚህ «ዓለም ከባትሪ ወደ ሃይድሮጂን እየሄደ ነው» የሚለው፣ ቢያንስ ለትናንሽ መኪኖች፣ የተገለበጠ ወሬ ነው።

ይህን ስንል ባትሪ እንከን የለውም እያልን አይደለም። ያን ሌሊት የሃይድሮጂን ደጋፊዎቹ ያነሷቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። ሃይድሮጂን በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ ባትሪ በፈጣኑ ቻርጅ እንኳ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ የሚሄድበት ርቀትም ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ መኪናውም ይቆማል። ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ቢበላሽ ሸዋ ሮቢት ላይ ማን ይጠግነዋል? ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ባትሪ ከፍቶ የሚሠራ ጋራዥ ከአዲስ አበባ ውጭ ማግኘት ከባድ ነው። የወንድማችን አባት ሊፈሩ የሚገባቸው ይህን ነው እንጂ ሃይድሮጂን መጥቶ መኪናቸውን ያስንቃል ብለው አይደለም።

ሌላም የሚከነክነን ነገር አለ። ጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲገልጹ ምክንያታቸው ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ምክንያቱን እንቀበላለን። ግን የዚያን ውሳኔ ጥቅም እስካሁን በብዛት የቀመሰው ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ የግል መኪና የመግዛት አቅም ያለው፣ ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ ያስገጠመ ሰው ነው። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር የሚጨመርበት ደግሞ ሚኒባስ የሚጠብቀው ነው፤ ማለትም እኛ፣ እናቶቻችን፣ ጤፉን ተሸክሞ ከመርሐ ቤቴና ከሞረት ወደ ከተማ የሚመጣው ገበሬ። የባትሪው መኪና ለሁሉም እኩል ርካሽ እንዲሆን ከተፈለገ መጀመሪያ ወደ ሚኒባሱና ወደ አገር አቋራጩ መንገድ መውረድ አለበት። ከደብረ ብርሃን በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አድርጎ እስከ ኮምቦልቻ በየከተማው አንድ አንድ አስተማማኝ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ቢተከል፣ ለአዲስ አበባ ቪላዎች ከሚገቡት ሺህ አውቶሞቢሎች ይልቅ ብዙ ሰው ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ታዲያ ሃይድሮጂንን እንተወው? በፍጹም። እዚህ ላይ ነው የሜካኒካልና የኬሚካል ወንድሞቻችንን የምንደግፈው፤ ቦታውን ተሳስተዋል እንጂ ነገሩን አልተሳሳቱም።

ሁላችሁም ሃይድሮጂንን በጆንያ አይታችሁታል። በክረምት መግቢያ የገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ወላጆቻችን ተሰልፈው የሚጠብቁት ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያ ነው፤ አሞንያ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጂን ነው። በኬሚስትሪው ስሌት አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመሥራት 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። 10 ኪሎ ሃይድሮጂን ደግሞ መኪና ውስጥ ቢገባ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ያስኬዳል። ያ ጉዞ በባትሪ በሲሶው ኃይል ሊሸፈን ይችላል። ዩሪያው ግን በባትሪ አይሠራም። ለማዳበሪያ ከሃይድሮጂን ሌላ መንገድ የለም። አንድ ነገር ለሁለት ሥራ ሲፈለግ፣ አንደኛው ሥራ ምትክ ካለውና ሌላው ከሌለው፣ የቱን እናስቀድማለን?

ጉዳዩ በአገራችን ተጀምሯል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። እዚያ ሃይድሮጂኑ የሚገኘው ከኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በወንዝ ኃይል የማምረቱ መንገድም አዲስ አይደለም፤ ግብጽ በአስዋን በ1960ዎቹ በኪማ ፋብሪካ ከአባይ በተገኘ ኤሌክትሪክ ውኃ ሰንጥቃ ማዳበሪያ ስትሠራ ነበር። ያው ወንዝ ነው። እነሱ በኋላ ርካሽ ጋዝ ሲያገኙ ወደዚያ ዞሩ፤ እኛ የጋዙንም የግድቡንም ስሌት እያነጻጸርን መሥራት እንችላለን። ለምረቃ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ እህትና ወንድሞች፣ የሃይድሮጂን መኪና ሞዴል በፕላስቲክ ሠርቶ ከማቅረብ ይልቅ ይህን ብትሰሉ አማካሪዎቻችሁም፣ የባሶና ወራና የገብስ ገበሬም ያመሰግኗችኋል።

ኤሌክትሪካሎች ደግሞ የባትሪውን ጥገና ልንይዘው ይገባል። ጋራዥ የለም ብለን ካማረርን ጋራዡን የምንከፍተው እኛው ነን። ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ሦስት አራት ወንድሞች ተሰባስበው የከፍተኛ ቮልቴጅ ደህንነት ቢሠለጥኑ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደንበኛ አያጡም።

ለሸዋ ሮቢቱ አባት የላክነው መልስ ይህ ነው፦ «ሃይድሮጂንን አይጠብቁ። ባትሪውን ግን ዛሬ አይግዙ፤ መጀመሪያ በየት በየት ቻርጅ እንደሚያደርጉና ባትሪው ቢበላሽ ሻጩ በጽሑፍ ምን ዋስትና እንደሚሰጥዎ ይወቁ።» እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ «ወረቀት ላይ ነው ያሰላችሁት ወይስ ነድታችሁ አይታችሁታል?» ብለው ጠየቁ። አልነዳንም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለን። የባትሪ መኪና ያለው ቤተሰብ፣ ዘመድ ወይም የቀድሞ ተመራቂ የምታውቁ፣ ለአንድ ቅዳሜ ከነሹፌሩ ቢተባበረን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ወርደን እንመለሳለን፤ ዳገቱ የሚበላውን፣ ቁልቁለቱ የሚመልሰውን በየኪሎ ሜትሩ መዝግበን በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወጣዋለን። የቻርጁን ሒሳብ እኛ አዋጥተን እንከፍላለን። ፈቃደኛ የሆነ ከጁሙዓ በኋላ ከአዘጋጆቹ አንዱን ያናግር።